የሦስተኛው ቀን ሻይ

ሆርኮት፣ ሜይ 20 ቀን 1984

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአምብሮዝ፣

ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? ልጅህ ሙሪየልስ? ባሏስ ከባሕር በሰላም ገባ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰባት ጥያቄ ጠይቀኸኛል። ስድስቱ ስለ ሜዳው ሳር ነው። ሰባተኛው ስለ እኔ ጤና ነው፤ እሱም ቢሆን «ወገብሽን ካመመሽ ሜዳው ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው» ብሎ ያልቃል። ደህና ነኝ። ስልክ መደወል የተውኩት ረስቼህ እንዳይመስልህ። ባለፈው ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼ ጮኼ፣ በመጨረሻ «ዓሣ አለን፣ አንገዛም» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ከእንግዲህ በወረቀት እንነጋገር።

ስለ ክሪኬት ክለባችን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ዌንሻየር ዘንድሮም የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ነው። ከእኛ በታች የወረቀቱ ጠርዝ ብቻ ነው ያለው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ጋዜጣው ሳይቀር ይቀልድብናል።

ከዚህ የከፋውን ዜና ሳልነግርህ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ግን ከሌላ ሰው ብትሰማው አትምረኝም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮሎኔል ፔቲፈር ማክሰኞ ዕለት ወረቀት ይዘው መጡ። በየዓመቱ እኛ ሜዳ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ሦስት ቀን የተመደበለት ሆኖ ሳለ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ በሁለተኛው ቀን እየተሸነፍን ስላለቀ፣ ሕዝቡ ሦስተኛውን ቀን ባዶ ሜዳ ሲያይ ስለሚውል፣ ዘንድሮ እስከ ሦስተኛው ቀን የሻይ ዕረፍት ካልደረስን ጨዋታው ለዘለቄታው ወደ ከተማ ይዛወራል። ሜዳውንም ለመኪና ማቆሚያ የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል። የዘንድሮው ተጋጣሚያችን ማን እንደሆነ ልንገርህ? ሃልድሻየር። አዎ፣ ሻምፒዮኖቹ። ጊተንስ የሚባለውን የባርቤዶስ ሰው ይዘው ነው የሚመጡት፤ እሱ የወረወረውን ኳስ ያዩት ሰዎች አላየነውም ነው የሚሉት።

አምብሮዝ፣ ፈርቻለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ያ ሜዳና ለተጫዋቾቹ ሻይ የማፈላበት ክፍል ነው። እነሱ ከተወሰዱ ጠዋት ተነስቼ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

በአንተ ቦታ ስለተቀጠረው የሜዳ ጠባቂ ስለ ሚስተር ፕላክሮዝ በሳሩ ጥያቄዎች መሐል ደጋግመህ ጠይቀሃል። ጥሩ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው። ማለዳ ስለሚሠራ ሰው ብዙም አያየውም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

እህትህ ሄስተር


ኡንስት ደሴት፣ ሼትላንድ፣ ሜይ 31

ሄስተር፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስቱም ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። እዚህ ዛፍ የለም፣ ነፋስ ብቻ ነው። ሙሪየል ትናንት ያሰጣችው አንሶላ እስካሁን ኖርዌይ ሳይደርስ አልቀረም። ከቤቱ ጀርባ አንዲት ቁራጭ መሬት አስተካክዬ ሳር ዘርቼ ነበር፤ የጎረቤት በጎች ገብተው ምሳቸውን በሉና ሄዱ።

ለዚያ ፕላክሮዝ ለምትይው ሰው ይህን አንብቢለት። ጊተንስን ለመሰለ ወርዋሪ ደረቅና ፈጣን መሬት ማቅረብ ለቀማኛ በር መክፈት ነው። ኳሱ የሚያርፍበትን የመሐሉን ሳር ያሳጥረው። ከጨዋታው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ማለዳ ማለዳ ውሃ ያጠጣው፤ ከዚያ ትልቁን መዳመጫ፣ ሞተር ያለውን፣ በኤሊ እርምጃ ይንዳበት። እየቸኮለ ከነዳው መሬቱ ይኮርፋል። በቀስታ ከነዳው ድክም ብሎ ይተኛል፤ ኳሱም ሲያርፍበት አብሮት ይተኛል። ያኔ የእኛ ልጆች ቢያንስ ኳሱን አይተው ይወጣሉ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከደብዳቤው በኋላ በላክሽው ፖስታ ካርድ ላይ «መዳመጫው ማለዳ በጤዛው ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላል» ብለሻል። አንቺ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?

አምብሮዝ


ሆርኮት፣ ጁን 14

ይድረስ ለአምብሮዝ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነበር። ከሜዳው ውሃ ጋር ግንኙነት የለውም።

ማለዳ ሜዳው ላይ ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኛል። አየር እቀበላለሁ። የፕላክሮዝ እጆች እንዴት እንደሆኑ ጠይቀኸኛል። ሁለት ናቸው። ሰውየው ከዚህ በፊት የት ሠርቷል ላልከው፣ እኔ የሰው ታሪክ አልጠይቅም። የመዳመጫው ሞተር ዛሬም በሦስተኛው ሙከራ ነው ወይ የሚነሳው ብለሃል። በአራተኛው ነው፤ ደግሞ በእግር መምታት ያስፈልጋል። ማለትም ፕላክሮዝ እንደዚያ ብሎኛል።

ይልቅ የልጆቹን ነገር ላጫውትህ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ተሸነፍን። ካፒቴኑ ሚስተር ፍሬይን ጣቱ ተሰብሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ይጫወታል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሚተካው የለም። በመምታት ተራ መጨረሻ የሚገባው ስፐርሊንግ ትዝ ይልሃል? ያ ረጅሙ፣ መወርወር እንጂ መምታት ያልፈጠረበት? ዘንድሮ የሠራው ነጥብ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፣ አውራ ጣት ትርፍ ነው። ቅዳሜ ዕለት ኳሱ ሳይወረወር ዱላውን አወዛውዞ ሊጠብቀው የቆመውን የራሱን ችካል መታና ከጨዋታው ወጣ። ከክፋት አይደለም፤ ተደናግጦ ነው። ሻይ ሲጠጣ ያለቅሳል፣ እኔም ኬክ እሰጠዋለሁ።

ሄስተር


ሆርኮት፣ ጁላይ 1

ይድረስ ለአምብሮዝ፣

የመጨረሻው ደብዳቤህ ስድስት ቃል ነው፦ «ፕላክሮዝ ዌልስ ተኝቷል፤ ሳሩን ማን ያጭዳል?» ስድስቱም ይገቡኛል።

አዎ። ፕላክሮዝ በፋሲካ ማግስት ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ዌልስ እህቱ ዘንድ ተኝቷል። በቀጥታ ትጽፍለታለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደግሞስ የታመመን ሰው ስለ ሳር ማስጨነቅ ምን የሚሉት ነው?

ሳሩን የማጭደው እኔ ነኝ። ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ያን ግም መዳመጫ በእርግጫ የማስነሳው እኔ ነኝ። ለኮሚቴው አልነገርኩም፤ ሜዳ ጠባቂ የለም ከተባለ ጨዋታውን በዚያው ቀን ይወስዱታል። ኮሎኔሉ ከሦስት ሰዓት በፊት ስለማይነሱ ያየኝ ሰው የለም፤ ያየኝም ቢሆን የወተት አከፋፋዩ ነው፣ እሱን በኬክ አስሬዋለሁ። አንተን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቼሃለሁ። ይቅር በለኝ። ብትሰማ እንቅልፍ እንደምታጣ አውቅ ነበር፤ ከልክለኸኝ ደግሞ እንዳልሰማህ ፈራሁ።

የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ሰሃን እያጠብኩ በመስኮት አንተን ሳይ ነው። እንደፈለግክ ስደበኝ። ብቻ ስድቡን በአንድ ገጽ አድርገውና በሌላው ይህን መልስልኝ፦ በሰሜኑ ጫፍ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴ ይገባበታል። ምን ላድርግ?

ሄስተር


ኡንስት፣ ጁላይ 8

ሄስተር፣

የስድቡን ገጽ ጽፌው ነበር። ጥሩ ነበር የወጣልኝ። ሙሪየል አነበበችውና ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛው ገጽ ይኸውልሽ።

ስንጥቁን በአፈር ብቻ አትድፈኚው፤ ይፈረፈራል። እዚያ ከቀድሞ ቤቴ ጓሮ ጥግ ያለውን ሸክላ አፈር ፍጪና በውሃ አቡኪው፣ እንደ ሊጥ ሲሆን በማንኪያ ሙዪው፤ ከዚያ በእግርሽ ሳይሆን በእጅሽ መዳፍ እየተጫንሽ ዝጊው። በርከክ ብለሽ ነው የሚሠራው። የሚያይሽ ካለ የጆሮ ጌጥ ጠፋብኝ በይ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ጉልበቴ አሞኝ ነው ብዬ የወጣሁት ውሸት ነው፤ ቢያንስ ግማሹ። ሦስቱን ዓመት ልጆቹ የተሸነፉት በመሬቱ ነው። ደርቆብኝ፣ ፈጥኖብኝ፣ ኳሱ እየዘለለ ልጆቹን በጥይት የተመቱ እስኪመስሉ ድረስ ሲጥላቸው እያየሁ እንዴት እንደማስታግሰው ጠፍቶኝ ነበር። አርጅቼበት ነው። ያን ነውር ጥዬ ደሴት ላይ ተደበቅኩ። እና አንቺ እዚያ ተንበርክከሽ ስንጥቄን ትደፍኛለሽ።

ጽፈሽ አሳውቂኝ። በየቀኑ።

አምብሮዝ


ሆርኮት፣ ጁላይ 18፣ ረቡዕ (በፖስታ ካርድ)

የመጀመሪያው ቀን አለቀ። ሃልድሻየሮች ሙሉ ቀን ሲመቱ ዋሉ፤ ከአራት መቶ ነጥብ ሲያልፉ ሰለቻቸውና ተዉት። ስንት እንደተቀጣን ጠይቀህ እንዳትልክብኝ። ስንጥቁ አልተከፈተም። ሄ.


ሆርኮት፣ ጁላይ 19፣ ሐሙስ (በፖስታ ካርድ)

ዛሬ ስለሆነው ባልጽፍ ይሻላል። የእኛ አሥር ሰዎች ከምሳ በኋላ ወጥተው አልቀን፣ ነጥባችን ስላነሰ እንደገና ከሀ ግቡ ተብለን፣ በሁለተኛው ዙርም አራቱ ወጥተዋል። ግን ስማ፦ መሸ እንጂ አላለቅንም። ነገ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ከአራት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው። አሥራ ሁለት ኬክ ጋግሬያለሁ። ሄ.


ሆርኮት፣ ጁላይ 21

አምብሮዝ ወንድሜ፣

ተቀመጥ። መነጽርህን አድርግ። መጀመሪያ ውጤቱን ልንገርህ፦ ተሸንፈናል። እንዳትቀደው፣ ቀጥል።

ዓርብ ምሳ ላይ ሰባት ሰው ወጥቶብን ነበር። ፍሬይን ግን በተሰበረ ጣቱ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ጊተንስ ያን ሁሉ ርቀት ሮጦ ይወረውራል፣ ኳሱ መሐሉ ላይ ያርፍና ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዴ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ሊቆም ሲመጣ ላቡን እየጠረገ፣

«እናቴ፣ ይሄን መሬት የሠራው ሰው ማነው?» አለኝ።

«ምን አደረገህ?»

«ፍራሽ ነው እንዴ ያነጠፈው? እኔ ከሰማይ አወርደዋለሁ፣ ኳሱ ደህና እደሩ ብሎ ይተኛል!»

ኬኩን መቁረጤን ቀጠልኩ። ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ደግሞ ምንድነው የሚሸተኝ?» አለ።

«የዝንጅብል ኬክ።»

«እንግዲያው እነዚህን ሰዎች ቶሎ ጨርሼ ልምጣ።»

«ቶሎ ከጨረስካቸው ኬክ የለም» አልኩት።

«ማስፈራሪያ ነው?»

«የቤቱ ሕግ ነው።»

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዘጠነኛው ሰው ወጣ። እስከ ሻይ አርባ አምስት ደቂቃ ይቀራል፤ የቀረን ስፐርሊንግ ብቻ ነው። ልጁ ወደ ሜዳ ሲገባ ወደ ገዛ ቀብሩ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ፍሬይን ትከሻውን ይዞ ሲነግረው ሁላችንም ሰማን።

«ስፐርሊንግ፣ አትምታ። አትሩጥ። አታስብ።»

«ሦስተኛውን እችለዋለሁ» አለ ስፐርሊንግ።

ቻለውም። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ እንደ አጥር ቆመ። ኳሱ ይመጣል፣ ዱላው ላይ ያርፋል፣ ይሞታል። ጀርባው ላይ ተመታ፣ ክርኑ ላይ ተመታ፤ አንዱ የራስ ቁሩን ፈትሎ አዞረበትና አንዲት ኳስ ጭራሽ ሳያይ ተከላከለ። ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ምንም ላልሆነ ነገር ያጨበጭባል።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ደወሉን ደወልኩ። አምብሮዝ፣ እንደዚያ ደውዬ አላውቅም፤ ገመዱ እጄ ላይ ቀረ። ሰዉ እየጮኸ ወደ ሻይ ክፍሉ ተግተልትሎ ተሰለፈ። ኮሎኔሉ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ አለዎት ሚስስ ታፕሊ፣ ሜዳው ተርፏል» አሉ። እንባዬ መጣ።

ተጫዋቾቹ ግን አልመጡም።

ዳኛው ሚስተር ክሌግ እስከ ሜዳው ዳር ድረስ መጡና፣ «ደወሉን ምን አስደወለው?» አሉ።

«ሰዓቱ ነዋ!»

«ዘጠኝ ሰው ወጥቷልኮ። ዘጠኝ ሲወጣ ሻይ ግማሽ ሰዓት ይዘገያል፤ አሥረኛው ከወጣ ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ሕግ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሻይ አፍልቼ ይህን ሕግ ረሳሁት! ምን ላድርግ፣ የእኛ ልጆች ሻይ ሰዓት ላይ ዘጠኝ ወጥቶባቸው ቆመው አያውቁም፤ ወይ አምስት ነው የወጣባቸው፣ ወይ አልቀው መኪናቸው ውስጥ ናቸው። ኮሎኔሉ የጨበጡኝን እጅ ቀስ አድርገው መልሰው ወሰዱት። «እንግዲያው ሻይ ላይ አልደረስንም ማለት ነው» አሉ። ያን ጊዜ በወተት ማንቆርቆሪያው ብላቸው እግዜር ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

ከዚያ የሆነውን አንተ ብቻ ትረዳኛለህ። በተመልካች እምነት ሁለት መቺዎች ከጸኑ ማንም ከነበረበት ንቅንቅ ማለት እንደሌለበት ታውቃለህ፤ የተነቃነቀ መቺውን ያስወጣል። እና አርባ ሰው ባዶ ጽዋ ይዞ በሰልፍ እንደቆመ ደርቆ ቀረ። እኔ ሙሉ ማንቆርቆሪያ በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ ነበር፤ አላስቀመጥኩትም። ኮሎኔሉ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ነበር፤ ለመውረድ ሲሞክሩ አርባው ሰው በአንድ ድምፅ «ወየውልዎ!» አላቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአንድ እግራቸው ጦር ሜዳ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው።

የመጨረሻዋ ኳስ ስትቀር ጊተንስ ሮጠ። ኳሷ የስፐርሊንግን የጫማ ጫፍ አገኘችው፤ እግሩ ባይከልላት ችካሉን ትመታ ነበር ከተባለ ወጣ ማለት ነው። አሥራ አንዱም ሃልድሻየሮች እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው በዳኛው ላይ ጮኹ። ክሌግ አሰቡ። እሳቸው እያሰቡ ሳሉ እኔ አረጀሁ። «አልወጣም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ችካሎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ እንጨቶች አነሱና «ሻይ!» አሉ።

ሰው እንዴት እንደጮኸ አልጽፈውም። ሻዩ ከመቆየት ብዛት ቡና መስሎ ነበር፤ ማንም አላማረረም። ጊተንስ አራት ቁራሽ ኬክ በላ። ስፐርሊንግ ሦስት በላና ፍሬይንን፣ «አሁንስ ምን ላድርግ?» አለው። «አሁን ደስ ያለህን» አለው ፍሬይን።

ደስ ያለውን አደረገ። ከሻይ በኋላ የመጀመሪያዋን ኳስ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ ላካት፤ ጊተንስ ራሱ ከሥሯ ቆሞ ቀለባት። አለቀ። ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ ስፐርሊንግን በትከሻው ተሸከመው። የሃልድሻየር ልጆች ግራ ገብቷቸው ቆሙ። «እናቴ፣ ያሸነፍነው እኛ ነን አይደል?» አለኝ ጊተንስ። «አዎ ልጄ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩት፣ አቅፌው እያለቀስኩ።

የቀረ አንድ ጣጣ አለ። ዳኞቹ ስለ መሬቱ ቅጽ ይሞላሉ፤ «በጣም ጥሩ» ብለው ሰጥተውናል። ከሥሩ የሜዳ ጠባቂው ስምና ፊርማ ይፈለጋል። ኮሎኔሉ «ፕላክሮዝ ይፈርምበት» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ፕላክሮዝ መሬቱን አልነካውም። ያንተን ስም ልጻፍ? ያንተ ቢሆን ሁሉም ያምናል፣ አንተም ከዚያ ነውር ትወጣለህ።

ሄስተር


ኡንስት፣ ጁላይ 28

ሄስተር፣

ደብዳቤሽን ሙሪየል ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ የባሏ መርከበኞች ሁሉ መጥተው ሰሙ። ክሪኬት ምን እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም። ዳኛው ሲያስቡ አንዱ ወንበሩን ጥሎ ተነሳ።

ስሜን እዚያ ወረቀት ላይ ካየሁት በሚቀጥለው ጀልባ መጥቼ እፍቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ሜዳ ስጠብቅ አንቺ የሻይ ትሪ ይዘሽ በዙሪያው እንድትሄጂ እንጂ መሐሉን እንድትረግጪ አንድ ቀን አልፈቀድኩልሽም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ። «ሴት ተረከዟ ሳር ይወጋል» እል ነበር፣ ሰው ፊት። አንቺ ተራምደሽ ብትሆን ኖሮ ስንጥቁን ከሦስት ዓመት በፊት ታዪልኝ ነበር። አፈርኩ ሄስተር። እውነቴን ነው፣ ፊቴን እስኪያቃጥለኝ ነው ያፈርኩት፤ በዚያው ደግሞ በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

የሠራ ይፈርም።

አምብሮዝ


ሆርኮት፣ ኦገስት 4

አምብሮዝ፣

ስሜን ጻፍኩ። ሙሉውን፣ ከነአባቴ፣ በትልልቅ ፊደል። ወስጄ ኮሎኔሉ ፊት አስቀመጥኩት።

አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አነበቡት። በመስኮት ወደ ሜዳው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ጥፍሮቼን። ጥፍሮቼ ውስጥ ሸክላ ነበር።

«ሚስስ ታፕሊ» አሉ በመጨረሻ፣ «የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ እዚሁ ነው፣ ቃል ቃል ነው። ሜዳውንም እርስዎ ይያዙት እንበል። ግን... ግን ሻዩን ማን ሊያፈላ ነው?»

«እርስዎ ነዎታ» አልኳቸው።

ሰኞ ይጀምራሉ።

ሄስተር